ንቧ ገመድ ስትማር

ትናንት በጠራራ ፀሐይ ሕልም አየሁ። በሕልሜ ንብ የሚያረባ ሰው አልነበረም፤ ሰው የሚያረቡት ንቦች ነበሩ። እኔም ረጅም ክብ ቀፎ ውስጥ ተጋድሜ፣ ጭንቅላቴን በአንደኛው ጫፍ ብቅ አድርጌ፣ ዛፍ ላይ ተሰቅዬ ነበር። ዛፉ ሥሩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ቅጠሉን መሬት ውስጥ ቀብሯል። ከጎኔ ባለው ቀፎ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ተሰቅለዋል። ከዚያ ቀጥሎ ደግሞ የልጄ አማት አለች፤ እዚያም ሆና ሰው ታማለች።

ንቦቹ ከሰው የሚቆርጡት ማር ሳይሆን ምስጋና ነበር። ሊቀ መንበሩ ሚስታቸውን አስታውሰው "ኑሪልኝ" ባሉ ቁጥር ከአፋቸው ወርቃማ ነገር ጠብ ይላል። ንቦቹም በቅል ይቀበላሉ።

ወደ እኛ የሚወጡት በገመድ ነው። ክንፍማ አላቸው፤ ግን ሥራ ሲገቡ አጥፈው ኪሳቸው ይከቱታል። ለእኔ የተመደበችው ጀማሪ ነበረች። ገመዱን በወገቧና በግንዱ ዙሪያ አዙራ፣ ስድስቱም እግሯ እየተንቀጠቀጠ ከበታቼ ቆማለች።

"ጌታዬ፣ ከፍታ ያዞረኛል" አለችኝ።

"ክንፍ አለሽ አይደል እንዴ?"

"በክንፍ መውጣት ኋላ ቀር አሠራር ነው ተብሎ በደብዳቤ ተከልክሏል።"

"ማነው የከለከለው?"

"እርስዎ ነዎታ!"

ደብዳቤውን አውጥታ አሳየችኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ፊርማው የእኔ ነው። አጥናፉ ብላችሁ ብትጠይቁ ወረዳው ሁሉ ያውቀኛል፤ ሃያ ስድስት ዓመት የንብ ባለሙያ ሆኜ ሠርቻለሁ። ዛፍ ላይ ቀፎ መስቀል ኋላ ቀር ነው እያልኩ ያልጻፍኩት ደብዳቤ የለም። ዛፍ ላይ ግን አንድም ቀን ወጥቼ አላውቅም ነበር። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ከላይ ምን እንደሚታይ ሳላውቅ ልሞት ነው የሚል ጭንቀት ያዘኝ። ያን ሁሉ ደብዳቤ የጻፍኩባቸውን ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅሉ ሽማግሌ፣ ጋሽ ኮቺቶን፣ በገመድ መውጣት ያስተምሩኝ ብዬ ለመንኳቸው። እሺ አሉኝ። ይኸው ስድስተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ።

ይህን እያሰብኩ ሳለ ዋናዋ ንብ ጃንጥላ ይዛ መጣች።

"የዚህ ቀፎ ምርት ስንት ነው?"

"ባዶ ነው" አለች ጀማሪዋ።

"እስከ ምሳ ሰዓት ምስጋና ካልተገኘበት የተሰቀለበት ገመድ ይቆረጥና ይውደቅ።"

ወደ ታች አየሁ። መሬቱ በጣም ሩቅ ነው። ቶሎ ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግሁና "በመጀመሪያ ይህን መድረክ ላዘጋጁልን የሥራ ኃላፊዎች በራሴና በባልደረቦቼ ስም..." ስል ከአፌ ገለባ ወጣ። ዋናዋ ንብ ገለባውን አሸተተችና ተቆጣች።

"ይሄ የስብሰባ ምስጋና ነው። አንቀበልም!"

ጀማሪዋም እኔ ዘንድ ካልደረሰች ከሥራ ትባረራለች ተባለ። ግንዱን ጥምጥም አድርጋ አቅፋ ታለቅሳለች። አሳዘነችኝ፤ እኔም የመጀመሪያው ሳምንት ላይ እንደዚያው ነበርኩ።

"ግንዱን አትቀፊ" አልኳት። "የሚያቅፍ ነው የሚንሸራተተው። ወደ ኋላ ተደገፊ፣ ገመዱን እመኚው። መጀመሪያ ገመዱን ወደ ላይ አሻግሪ፣ ከዚያ እግርሽን አስከትዪ።"

አንድ ክንድ ያህል ወጣች። ደግሞ አንድ ክንድ። አጠገቤ ስትደርስ ላቧን እየጠረገች አየችኝ።

"ይሄን ሁሉ ማን አስተማረዎት?"

"ጋሽ ኮቺቶ።"

"ታዲያ ምን አሏቸው?"

"እንዴት ምን አልኳቸው?"

"እንዲህ አድርገው ሲያስተምሩዎት፣ ምን አሏቸው?"

ምንም አላልኳቸውማ! በየቀኑ ስንጨርስ ሱሪዬን አራግፌ "ነገ በሦስት ሰዓት" ብዬ እሄዳለሁ። እሳቸው አንድም ቀን ያን ደብዳቤ አላነሱብኝም። አንድም ቀን አልሳቁብኝም። የሚንቀጠቀጥ እግሬን በእጃቸው ይዘው ከቅርፊቱ ጋር ያስማሙልኛል። ያን ሳስብ እንባዬ መጣ። ዋናዋ ንብ ገጀራዋን እየሳለች ነው፤ እኔ ግን እሱን ረስቼዋለሁ።

"ጋሽ ኮቺቶ፣ እግዜር ይስጥልኝ!" ብዬ ጮህኩ። "እግዜር ይስጥልኝ! እድሜ ይስጥልኝ!"

ወርቃማው ነገር ከአፌ ተንዠቀዠቀ። ቅሉ ሞላ፣ በርሜል መጣ፣ በርሜሉም ሞላ። ጀማሪዋ እየዘለለች ጨፈረች። ሊቀ መንበሩ በቅናት ፊታቸውን አዞሩ። ዋናዋ ንብም ጃንጥላዋን ወርውራ "ይህ ቀፎ ሞልቷል! አውርዱት!" ብላ አዘዘች።

ለካ ማውረድም ያው ገመዱን መቁረጥ ነው።

ነቃሁ። አልጋዬ ላይ ያለሁ መስሎኝ ልገላበጥ ስል ከሥሬ ምንም የለም። የዛፉ ወገብ ላይ ነኝ። ለካ ልምምዱ መሐል ትንሽ ልረፍ ብዬ ገመዱ ላይ ስደገፍ እንቅልፍ ጥሎኛል። ከእኔ ወገብ ተነሥቶ ከላይ በቅርንጫፍ ላይ ዞሮ የሚወርደውን ሌላኛውን ገመድ ከታች የያዙት ጋሽ ኮቺቶ ናቸው።

"ጋሽ ኮቺቶ!" አልኩ። "እግዜር ይስጥልኝ!"

"ሰምቻለሁ፤ ሲሉኝ ነው የቆዩት" አሉ ከታች።

"ብዙ ተኛሁ እንዴ?"

"ፀሐይዋ ወዲያ ማዶ ሄዳለች።"

"ምነው ታዲያ ቢቀሰቅሱኝ?"

"ደንግጠው እንዳይወድቁብኝ ብዬ ነው። አሁን ግን አቶ አጥናፉ፣ ካላስቸገርኩዎት፣ ቀስ ብለው ቢወርዱ ደስ ይለኛል።" የሚናገሩት በአፋቸው ጥግ ነበር።

ዝቅ ብዬ አየኋቸው። አንድ ዓይናቸው ንብ ነድፎት አብጦ ተደፍኗል፤ አፍንጫቸው ድንች አክሏል፤ ሌላ ንብ ደግሞ ከንፈራቸው ላይ ትመላለሳለች። ሁለቱም እጃቸው ገመዱ ላይ ነው።