የድመት ሐኪም ያዘዘልኝ ቅጠል

የሰው ልጅ ተማረ የሚባለው ወገቡን እስኪይዘው ድረስ ብቻ ነው! ከዚያ በኋላ ያለው ትምህርት የአክስት ነው። አትሳቁ... እናንተም ወገብ አላችሁ።

እኔ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ቢሮ ያለኝ፣ ማኅተም የምመታ ሰው ነኝ። ባለፈው ማክሰኞ ግን ቢሮውም ማኅተሙም አላዳነኝም። ታናሽ ወንድሜ ታደለ ሚስት ሊያገባ ነውና፣ የልጅቷ ወገኖች እሺ ካሉን የሚታረደውን ሙክት ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ልጭን ከሥር እገፋ ነበር። መሐል ላይ ሙክቱ ሐሳቡን ቀየረ። ወገቤ ውስጥ አንድ ነገር "ቀጭ!" አለ። ሙክቱ ጣሪያው ላይ ቆሞ ቁልቁል ሲያየኝ፣ እኔ መሬት መሬቱን እያየሁ ቀረሁ።

"ጋሼ፣ ምን ጠፋብህ?" አለኝ ሾፌሩ።

"ወገቤ!"

ሐኪሙ ኪኒን ሰጠኝና "ሁለት ሳምንት ተኛ" አለኝ። ሁለት ሳምንት! እሁድ እኮ ሽምግልና ነው! እናንተ ከተሜዎቹ ሽምግልና ሶፋ ላይ ተቀምጦ ለስላሳ መጠጣት ይመስላችሁ ይሆናል። እኛ ጋ ሽማግሌ የመጣበትን ጉዳይ ሳይናገር አይቀመጥም፤ ቆሞ ነው የሚለምነው፣ ቀጥ ብሎ። አባታችን በሕይወት ስለሌሉ ደግሞ ተናጋሪው እኔ ነኝ። እንደ ማጭድ ጎብጬ ብቀርብ "ዘራቸው ወገብ የለውም" ተብሎ ታደለ ቆሞ መቅረቱ ነው። እሱና ልጅቷ ብርቄ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲጠባበቁ የኖሩ ልጆች ናቸው። "ወንድም ዓለም፣ እባክህ እስከ እሁድ ቀና በልልኝ" ሲለኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አንጀቴን በላው።

የቸገረው የማይሄድበት የለምና ጓሳ የሚባለው የሣር ተራራ ጥግ ወደሚኖሩት አክስቴ ወደ እትዬ በላይነሽ ሄድኩ።

"ሐኪሙ ምን አለህ?"

"ተኛ አለኝ።"

"ተኛ ለማለት ነው ይሄን ሁሉ ዓመት የተማረው?" አሉና ቀረብ ብለው ተቀመጡ። "ለመሆኑ ድመት ከገደል ወድቃ ወገቧን ሲይዛት አይተህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"እኮ!"

እንደ እሳቸው አነጋገር፣ ከጓሳ ገደል ሥር፣ ጉም በማይገለጥበት ሸለቆ ውስጥ የዱር ድመቶች አገር አለ። ንጉሥ አላቸው፣ ዳኛ አላቸው፤ ከሁሉም በላይ ግን ጢሟ የነጣ አንዲት ባለመድኃኒት ድመት አለቻቸው። ለተሰበረው ቅጠል፣ ለተነከሰው ሥር፣ ቀበሮ ላስደነገጠው አበባ ታዝዛለች። ድመት ሰባት ነፍስ አላት የሚባለውም ውሸት ነው። ነፍሷ አንድ ናት፤ ስድስቱ በቅጠል የተጠገኑ ናቸው። ሕመምተኞቹ በሰልፍ ተራቸውን ይጠብቃሉ። "እንደ እናንተ ቢሮ 'ነገ ተመለስ' የሚባል ነገር እዚያ የለም" ብለው ጎሸም አደረጉኝ።

"እትዬ፣ ይሄን ሁሉ በምን አወቁ?"

"ጠይቄ ነዋ!"

"ማንን?"

"ድመቷን ነዋ! ማንን ልጠይቅ ኖሯል?"

ወገቡን የያዘው ሰው አይከራከርም። ትእዛዜን ተቀበልኩ። ቅጠሉ የሚቆረጠው ጓሳ ውስጥ ካለ አንድ ድንጋይ ሥር፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ በግራ እጅ፣ ብረት ሳይነካው ነው። ቁጥሩም ሰባት።

"እትዬ፣ ጓሳ እኮ ተከልክሏል። የአገሩ ሕግ..."

"የተከለከለው ሣር ማጨድ ነው። ሰባት ቅጠል ማጨድ አይባልም! ይልቅ ስማኝ፣ ከቆረጥከው በኋላ ቤት እስክትገባ ለፍጡር እንዳትናገር። ሰላምታ እንኳ! ቃል ከአፍህ ከወጣ ኃይሉም አብሮ ይወጣል።"

ወገኖቼ፣ መንዝ ውስጥ ሰላም ሳይሉ ማለፍ ምን ማለት መሰላችሁ? እኛ ጋ ሰላምታ ከሰውየው ጀምሮ በልጆቹ፣ በገብሱና በበጎቹ በኩል ዞሮ፣ ጎረቤቱን አዳርሶ ነው የሚያልቀው። ይሄን የነሳ ሰው ወይ አብዷል፣ ወይ ደም ተቃብቷል።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ የተነገረኝ ድንጋይ ዘንድ ደረስኩ። ብታምኑም ባታምኑም አንዲት የዱር ድመት ቅጠሉ ላይ እየተንከባለለች ነበር! ሳታንኳኩ ቢሮዋ የገባችሁባት ኃላፊ በምታይበት ዓይን አየችኝና ሄደች። ሰባቱን ቅጠል በግራ እጄ ቀጥፌ ካፖርቴ ውስጥ ሸጎጥኩና አፌን ቆልፌ መንገድ ጀመርኩ።

ገደሉ አፋፍ ላይ፣ መንገዱ ለሁለት ሰው በማይበቃበት ቦታ፣ በርኖሳቸውን የተከናነቡ አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉ። ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ጋሽ ሸዋንግዛው! የብርቄ አባት! እሁድ ፊታቸው ቆሜ ልጃቸውን የምለምናቸው ሰው!

ልናገር? ወገቤ ሄደ። ዝም ልበል? ሠርጉ ሄደ። ጎንበስ ብዬ እጅ እንዳልነሳ ድሮውንም ጎንብሻለሁ! እሳቸው አዩኝ፣ አፋቸውን ከፈት አደረጉ፣ መልሰው ገጠሙት፣ ግራ እጃቸውን በርኖሳቸው ውስጥ እንደሸሸጉ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው አለፉ። እኔም አለፍኩ። "ዝም አይነቅዝም" ያለው ሰው ከአማቹ ጋር ገደል አፋፍ ላይ አልተገናኘም።

እትዬ ቤት ስገባ በንዴት ጦፌ ነበር። "የእግዜርን ሰላምታ ነሱኝ!"

"አንተስ ሰጠሃቸው?" አሉ እትዬ በላይነሽ።

"የእኔማ በመድኃኒት ምክንያት ነው!"

ታደለ ወሬውን ሲሰማ ራሱን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ። "በቃ፣ አልፈለጉንም" አለ። ከዚያ በኋላ እህል አልቀመሰም።

እትዬ በላይነሽ ቅጠሉን በለጋ ቅቤ ለውሰው ሁለት ቀን አሹኝ። እሁድ ጠዋት የዘመመ አጥር ያህል ቀና አልኩ። የነፍስ አባታችን መምሬ ጥላሁን ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ወጣን። ጥቂት እንደሄድን የእትዬ በላይነሽ ድመት ተከተለችኝ። ከዚያ የጎረቤት ድመት። ከዚያ ማንም የማያውቃት ድመት... መምሬ ዞር ብለው ሰልፉን አዩት።

"ልጄ፣ ሥጋ ይዘሃል እንዴ?"

"ኧረ አልያዝኩም፣ መምሬ!"

"እንግዲያው ኃጢአትህ ነው የሚከተልህ።"

ጋሽ ሸዋንግዛው መደብ ላይ በርኖሳቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። ሽማግሌ ሲገባ አልተነሱም። ፊታቸው እንደ ሐምሌ ሰማይ ነው። ቆሜ "እንግዲህ ጋሽ ሸዋንግዛው፣ የመጣንበት ጉዳይ..." ከማለቴ እጃቸውን አነሱ።

"ቆይ! ዓርብ ዕለት መንገድ ላይ ሰላምታ የነሳኝ ሰው፣ ዛሬ ልጅ ልጠይቅ ብሎ ቤቴ ቆመ?"

ከጓዳ የብርቄ ሲቃ ተሰማ። የወንድሜ ዕድል በእኔ ምላስ፣ ያውም ባልተናገረ ምላስ፣ ማለቁ ነው ብዬ አዘንኩ። ይሄኔ ከበርኖሳቸው ሥር አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። የድመት ራስ ብቅ አለ። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ ሌላ!

የእኔ ድመቶች በበሩ ገቡ። የእሳቸው ድመቶች ከበርኖሱ ወጡ። ከዚያ በኋላ የሆነውን መምሬ ጥላሁን ብቻ ናቸው በአግባቡ ያዩት፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። አንድ ዳለቻ አውራ ድመት ጥፍሩን ወገቤ ላይ ሲሰካ፣ ከአምስተኛ ክፍል ወዲህ ዘልዬ የማላውቀውን ዝላይ ዘልዬ መደቡ ላይ ወጣሁ። ጋሽ ሸዋንግዛውም ከተቀመጡበት ተፈናጥረው አጠገቤ ቆሙ። መምሬ በዱላቸው ድመቶቹን አባረው ሲጨርሱ፣ ሁለታችን ቀጥ ብለን፣ ተቃቅፈን መደብ ላይ ቆመናል።

አሸተቱኝ። አሸተትኳቸው። ያው ቅቤ፣ ያው ቅጠል!

"በላይነሽ?" አሉኝ በጆሮዬ።

"እትዬ በላይነሽ።"

"ወገብ?"

"ወገብ። ሙክት ስጭን። እርስዎስ?"

"አህያ ሳራግፍ።" ፈገግ አሉና መልሰው አቀረቀሩ። "ሽማግሌ ሊመጣ ነው ሲሉኝ፣ ተነስቼ መቀበል ቢያቅተኝ 'ናቁን' እንዳትሉ ብዬ እኮ ነው..."

በቃ፣ ሁለታችንም ለዚያች ለአንዲት እሁድ ብለን ነው የተኮራረፍነው! ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጡ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ፤ ለእኛ ተገኝቶልን ነበር፣ የታጣው ሰላምታ ነው።

"ልጄን ሰጥቻለሁ" አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው ጮክ ብለው። ከጓዳ እልልታው ቀለጠ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና "የድመት መድኃኒት ተቀባ ብለህ ለአንድ ሰው ብትተነፍስ ግን ወዮልህ!" አሉኝ። ማልኩላቸው።

ማታ እትዬ በላይነሽን ተቆጣኋቸው። "ድመት ይጠራል ብለው ለምን አልነገሩኝም?"

"የድመት መድኃኒት ነው አልኩህ። የሰው ነው መቼ አልኩህ?"

መሐላዬን ደግሞ አላፈረስኩም። የተከለከልኩት ለአንድ ሰው መተንፈስ ነው፤ እናንተ አንባቢዎቼ፣ እግዜር ይመስገን፣ ብዙ ናችሁ። ለብዙ ሰው መናገር መተንፈስ አይባልም!