ከአይጦቹ ጋር የጠጡት አጎት

በየቤተሰቡ ሳይማር ሐኪም የሆነ አንድ ሰው አይጠፋም። ራስዎን ቢያምዎት ምክንያቱን፣ ሆድዎን ቢቆርጥዎት መድኃኒቱን፣ ምንም ባይኖርብዎት ደግሞ ሊመጣብዎ ያለውን ይነግርዎታል። በአንዲት ወጣት ተመራማሪ ቤተሰብ ይህ ሹመት የአጎቷ ነበር። ክቡርነታቸው ሠላሳ ዓመት ፖስታ ቤት ማኅተም ሲመቱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሰፈሩ ግን "ዶክተር" ይላቸዋል፤ እሳቸውም አንድ ቀን እንኳ "ኧረ አይደለሁም" ብለው አያውቁም።

እሷ የምትሠራው የእንስሳት ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። በየአጥሩ ሥር የሚበቅል የአንድ ተክል ዘር እየተጨመቀ ለሃያ አራት ነጭ አይጦች ይሰጣል፤ ደማቸው ይመረመራል። በሁለተኛው ሳምንት የአይጦቹ ስኳር ወረደ። ደስ ብሏት የተክሉን ስም ሳትደብቅ ይህንኑ ለአጎቷ አወራች። አጎቷ ስኳር አለባቸው።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ይደውሉ ጀመር።

"አይጦቹ እንዴት አደሩ?"

"ደህና ናቸው፣ ጋሼ።"

"እኔም ደህና ነኝ።"

ነገሩን ልብ አላለችውም።

በስድስተኛው ሳምንት የጉበቱ ውጤት ወጣ። ብዙውን መጠን የወሰዱት አይጦች የጉበት መጎዳትን የሚያሳየው ኢንዛይማቸው ሦስት እጥፍ አሻቅቧል። ወረቀቱን ይዛ እንደቆመች ያ "እኔም ደህና ነኝ" ጆሮዋ ላይ አቃጨለ። ጋዋኗን ሳታወልቅ ወጣች።

አጎቷ ቤት ስትደርስ ጠረጴዛው ላይ ቡናማ ውሃ የሞላ ጆግ ተቀምጧል።

"ጋሼ፣ ይሄን በቀን ስንቴ ይጠጣሉ?"

"ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ብርጭቆ። አይጧ ስንት ግራም ናት፣ እኔ ሰማንያ ኪሎ ነኝ፤ አስልቼዋለሁ።"

"የስኳር ኪኒንዎስ?"

"ኪኒን ለማያውቅ ሰው ነው።"

እየተነጫነጩ ክሊኒክ ወሰደቻቸው። ውጤቱን ሲጠብቁ አጠገባቸው ለተቀመጠው በሽተኛ የሚያስለው በትራሱ የተነሳ መሆኑን ያስረዱታል። ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። አሁን ግን የዓይናቸው ነጩ ቢጫ ሆኖ እንደሆነ ሰረቅ አድርጋ ታያለች።

ስኳራቸው ጨምሯል፤ ጉበታቸውም ተነክቷል። "ደግነቱ አልዘገዩም" አላቸው ሐኪሙ። "ይሄን ነገር ዛሬውኑ ያቁሙ፣ ኪኒንዎን ይጀምሩ።"

አጎቷ እስከ መንገዱ ድረስ ሄዱ። ከዚያ ቆሙ።

"ልጄ፣ ብቻዬን አልጠጣሁም።"

"ለማን ሰጡ?"

"ለአምስት ቤት።"

ወዲያው በየቤቱ ዞሩ። እሷ ልትናገር ትዘጋጃለች፤ በሩ ሲከፈት ግን እሳቸው ይቀድሟታል። "የሰጠኋችሁን ድፉት። ተሳስቻለሁ። ነገ በጠዋት ደማችሁን ተመርመሩ።" ዳቦ ጋጋሪው ሚስቱ ሁለት ሳምንት ስትጠጣ ነበርና አፉ እንዳመጣለት ሰደባቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው እስኪጨርስ ሰሙት። በኋላ ሲመረመሩ የሚስቱና የአንድ ሌላ ጎረቤት ጉበት ተነክቶ ተገኘ፤ ሁለቱም በወሩ ዳኑ።

የመጨረሻዋ አንዲት አሮጊት ልብስ ሰፊ ነበሩ። ጠርሙሱን ያለ ክርክር ደፉና፣ "እንግዲያ ዶክተር፣ ለጉልበቴ ምን ይሻለኛል?" አሉ።

አጎቷ አፋቸውን ከፈቱ። መልሱ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ያስታውቃል። የእህታቸውን ልጅ አዩና ዋጡት።

"እኔ አላውቅም" አሉ።

ይህን ቃል ከልጅነቷ ጀምራ ስትጠብቀው ኖራለች። ሲመጣ ግን አንጀቷን በላት። ክንዳቸውን ደግፋ ያዘችና ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞር አለች።

"ዛሬ ደክሟቸው ነው" አለቻቸው።