ዓሣ እንዳያየው፣ አጥማጅ እንዲያየው ስለሚፈለገው ክር

የጎንደር ከተማ የመንጠቆ ዓሣ አጥማጆች ማኅበር
አሥራ አራተኛ ስብሰባ

ዕለቱ እሑድ ጥር 17 ቀን 1951 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቦታው ቀሐ፣ በወይዘሮ እናኑ ግቢ ውስጥ ከሾላው ሥር ነው። ስብሰባው የተጠራው ለጧቱ ሦስት ሰዓት ነበር። የተጀመረው ግን አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የዘገየበት ምክንያት አባላቱ ከበሩ ላይ ቆመው «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ በሞቴ እርስዎ» ሲባባሉ በመቆየታቸው ነው። በመጨረሻ ቀድማ የገባችው የወይዘሮ እናኑ ፍየል ናት።

የተገኙ፦
1. ቀኛዝማች ሐብተ ማርያም፣ ሊቀ መንበር፣ የታንኳ ቦታ ያላቸው
2. መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ፣ አባል፣ የታንኳ ቦታ ያላቸው
3. አያ ዋኘው፣ አባል፣ የታንኳ ቦታ ያላቸው፤ ጎርጎራ ላይ አርባ ዓመት ያጠመዱ
4. አቶ ነጋ፣ አዲስ አባል፣ የማክሰኝት የእህል ነጋዴ፤ የታንኳ ቦታ የሌላቸውና የሚጠብቁ
5. ወይዘሮ እናኑ፣ አባል፤ ያጠመድነውን ሁሉ የሚሸጡልን እሳቸው ስለሆኑ ድምፅ አልተሰጣቸውም
6. ኃይለ ማርያም፣ ጸሐፊ፣ የታንኳ ቦታ ያለው

ያልተገኙ፦ ሦስት ሰዎች። አንዱ ለቅሶ ሄደዋል። ሁለተኛው በቅሏቸው ጠፍታባቸው አይከል ድረስ ተከትለዋታል። ሦስተኛው አምና አርፈዋል፤ ነገር ግን የመልቀቂያ ማመልከቻ ስላላስገቡ እስከ ዛሬ አባል ናቸው።

ምልዓተ ጉባኤን በሚመለከት፣ ደንቡ የሚጠይቀው የዘጠኙን አባላት ግማሽና አንድ ሰው ነው፤ ይህም አምስት ሰው ተኩል ይሆናል። ወይዘሮ እናኑ ድምፅ ስለሌላቸው እንደ ግማሽ ሰው ተቆጥረው ጉባኤው ልክ ሞላ። ወይዘሮ እናኑ «ጠላውን የሚቀዳው የትኛው ግማሼ ነው?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ነው ተብሎ ታለፈ። ጠላውም ዘገየ።

ተራ ቁጥር 1፦ የክር ቀለም ስለመምረጥ

ሊቀ መንበሩ ጉዳዩን ሲያስረዱ፣ ሹፌሩ አቶ ፋንታሁን ከአሥመራ ሦስት ጥቅል የናይሎን ክር በነጻ ለናሙና እንዳመጣልን ገለጹ። አንደኛው አረንጓዴ፣ ሁለተኛው ቢጫ፣ ሦስተኛው ቀይ ነው። ሦስቱም ከሩቅ ይታያሉ የተባለላቸው ናቸው። አቶ ፋንታሁን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከፒያሳ ይነሣል፤ የማዘዣ ደብዳቤው በእሱ ማኪና መሄድ አለበት፤ ካመለጠን ሹፌሩ እስከ ፋሲካ አይመለስም። ስለዚህ ውይይቱ አጭር እንዲሆን በአንድ ድምፅ ተወሰነ። ይህን ለመወሰን ሩብ ሰዓት ፈጅቷል።

ክሩ ስለምን እንዲታይ እንደተፈለገ አያ ዋኘው ተጠይቀው እንዲህ አሉ፦ «እኛ የምናጠምደው በማዝለል ነው። ማጥለቂያውን እርሳስ ከነመንጠቆው ወደ ጥልቁ እንለቃለን፣ ብድግ እናደርገዋለን፣ ደግሞ እንለቀዋለን። ዓሣ የሚጎርሰው ሲወርድ ነው እንጂ ሲወጣ አይደለም። ሲጎርስ እጅ አይሰማም፤ ክሩ ቀስ ብሎ ይላላል፣ በቃ። ያን የሚያውቀው ዓይን ነው።» ቀጥለውም «ይህን እስከ ዛሬ የያዝነውን ነጭ ክር ከውኃው መለየት አቅቶኛል። ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ዓሣ ጎርሶ ሄደብኝ» አሉ።

በደንባችን አንቀጽ ዘጠኝ መሠረት፣ ሦስት ዓሣ ያመለጠው ሰው የታንኳ ቦታውን ይለቅና ዳር ተቀምጦ ዓሣ ይጠርባል። ማኅበሩ ሁለት ታንኳና አራት ቦታ ብቻ ስላለው፣ የሚለቀቀውን ቦታ የሚወስዱት አቶ ነጋ ናቸው። አያ ዋኘው የቀራቸው አንድ ዓሣ ነው። ይህን ሲናገሩ ሁሉም መሬት መሬት አየ። ጸሐፊው አዝኗል፤ ሐዘኑ ግን ለድምፅ አልቀረበም።

አቶ ነጋ በአያ ዋኘው ሁኔታ ከማንም በላይ ልባቸው እንደተነካ ከተናገሩ በኋላ፣ «ነገር ግን እኛ ያየነውን ክር ዓሣውስ ምነው አያየው? ያውም የዓይን ቆብ የለው፤ ተኝቶም ያያል» ሲሉ ተቃወሙ። ጉባኤው በዚህ ነጥብ ላይ ዕውቀት ስላልነበረው ዓሣው ራሱ እንዲጠየቅ ተወሰነ። ወይዘሮ እናኑ ለገበያ ያቆዩትን አንድ ሕያው አምባዛ በገንዳ አቀረቡ። ሦስቱ ክሮች በየተራ ወደ ገንዳው ገቡ። አምባዛው ለግማሽ ሰዓት ያህል ሳይንቀሳቀስ ከቆየ በኋላ ጀርባውን ለሊቀ መንበሩ ሰጠ። መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ ይህ ድምፀ ተአቅቦ እንደሆነ አስረዱ። አቶ ነጋ ግን ንቀት ነው አሉ። ወይዘሮ እናኑ «እናንተ እስክትወስኑ ይሸታል» ብለው አምባዛውን ወደ ጓዳ ወሰዱት።

ገንዳው ሲወጣ መሪጌታ በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ነገር አነሡ። ይህ ከአጀንዳው ውጭ ስለሆነ የተወያየንበት ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው። ይበላል ያሉትም አይበላም ያሉትም ወይዘሮ እናኑ አምባዛውን ጠብሰው ሲያቀርቡላቸው እኩል በሉ፤ ዕለቱ እሑድ ስለነበረ ክርክሩ አልተፈታም።

አፍ ከታበሰ በኋላ ወይዘሮ እናኑ «አያ ዋኘው የሚያዩትን ምረጡና ይብቃ እንጂ፣ ምኑ ነው የሚያከራክረው?» ስላሉና አያ ዋኘውም ቢጫውን ስላመለከቱ ጉባኤው ወደ ቢጫው አዘነበለ። በዚህ ጊዜ አቶ ነጋ ተነሥተው ድምፃቸውን ዝቅ በማድረግ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ሲደረደሩ ምን እንደሚሆኑ ጉባኤው አስተውሎ እንደሆነ ጠየቁ። ሊቀ መንበሩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አቶ ነጋ በመቀጠል ከሦስቱ አንዱን መርጦ ሁለቱን መመለስ የሰንደቅ ዓላማውን ሁለት ሦስተኛ መመለስ እንደሚሆን አስረዱና «እንዲህ ያለውን ወረቀት ማን ይፈርማል? እኔ አልፈርምም» ብለው ተቀመጡ። ሁሉም ከክሮቹ ራቅ አለ። ፍየሏም ጭምር።

መሪጌታ ሦስቱ ክሮች እንደ ጅራፍ ተገምደው አንድ እንዲሆኑ ሐሳብ አቀረቡ። አያ ዋኘው በእንዲህ ያለ ገመድ በሬ ይጠመዳል እንጂ ዓሣ አይጠመድም አሉ። ሊቀ መንበሩ ደግሞ ቢጫው ብቻውንም ቢሆን የሰንደቅ ዓላማው መካከለኛ እንደመሆኑ፣ ክሩ ወደ ውኃ በወረደ ቁጥር አጥማጁ ቆሞ አክብሮት ቢሰጥ ችግሩ ይቃለላል የሚል ሐሳብ ሰጡ። ወይዘሮ እናኑ የደንገል ታንኳ ላይ ቆሞ የተመለሰ ሰው እንዳላዩ አሳሰቡ። ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ፦

ሀ) ማኅበሩ ቢጫውን ክር መርጧል፤
ለ) አረንጓዴውና ቀዩ አልተጣሉም፣ ተራቸውን እንዲጠብቁ ተደርጓል፤
ሐ) አጥማጆች ክሩ ሲወርድ ተቀምጠው በልባቸው ይቆማሉ።

የማዘዣው ደብዳቤ ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ለአቶ ፋንታሁን ተሰጠ። አቶ ፋንታሁን ሐሳብ ከተቀየረ ማኪናው ሳይነሣ ሰው እንዲላክበት ተናግሮ ሄደ። አያ ዋኘው «እግዜር ይስጥልን፣ ሸጋ አድርጋችኋል» ብለው ሁሉንም በየተራ ሳሙ። አቶ ነጋንም ጭምር ስመዋል።

ተራ ቁጥር 2፦ ስለ ዓይን

ይህ ተራ ቁጥር በአጀንዳው ውስጥ አልነበረም። ያስገቡት አቶ ነጋ ናቸው። ክሩ የሚታይ ከሆነ ዘንድ ማየት የሚችል ሰው ብቻ ታንኳ ላይ መውጣት እንዳለበት፣ ስለዚህ ባለቦታዎች ሁሉ ዛሬውኑ እንዲፈተኑ፣ እሳቸውም ቦታ ጠባቂ እንደመሆናቸው አብረው እንደሚፈተኑ አሳሰቡ። ሐሳቡ ፍትሐዊ መስሎ ስለታየ ጸደቀ። ጸሐፊውም እጁን አውጥቷል፤ ዛሬ ያፍርበታል።

ሦስቱ ክሮች ከሾላው ጀምሮ እስከ አጥሩ ተወጠሩ። ተፈታኙ ሃያ እርምጃ ርቆ እንዲቆም ሆነ።

አያ ዋኘው ቀድመው ቆሙ። «ቢጫዪቱ ትታየኛለች። ሌሎቹ ካሉ እናንተ እወቁ» አሉ። ተመዘገበ።

ቀኛዝማች ሐብተ ማርያም ቀጠሉ። ሦስቱንም በሚገባ እንደሚያዩ ተናግረው፣ በተለይ አንደኛው ውፍረቱና ጥንካሬው እንዳስደነቃቸው በዱላቸው አመለከቱ። ያመለከቱት የወይዘሮ እናኑን የልብስ ማስጫ ገመድ ነበር። በላዩ የተሰጣውን ነጠላ አይተውም «ዓሣ ይዟል እኮ!» አሉ።

መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ ዓይናቸውን ጨፍነው ከቆዩ በኋላ ክሮቹን በእምነት እንዳዩአቸው ገለጹ።

ከዚያ ጸሐፊው ቆመ። «ሦስቱም ሸጋ ሆነው ይታያሉ» አለ፤ እንዲህ ብሎም በገዛ እጁ መዘገበ። አቶ ነጋ የመጨረሻ ነበሩ። አረንጓዴው በስተቀኝ፣ ቢጫው መካከል፣ ቀዩ በስተግራ መሆኑን ከተናገሩ በኋላ «ቀዩ ትንሽ ላልቷል፣ ጠበቅ ይደረግ» ብለው ትእዛዝ ሰጡ።

በዚህ ጊዜ ወይዘሮ እናኑ ከአቶ ነጋ ኋላ ተነሥተው «ታዲያ እነዚህ የማን ናቸው?» ሲሉ ጠየቁ። ሦስቱም ክሮች ተጠቅልለው በእጃቸው ነበሩ። ፍየሏ እግሯን ስለጠለፈችባቸው፣ መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሳሉ እንደሰበሰቧቸው አስረዱ። ጸሐፊው ከላይ የጻፈውን ሰርዞታል፤ ወረቀቱን የመረመረ ሰው ግን ያነበዋል።

ከአምስቱ ተፈታኞች ያየውን አየሁ፣ ያላየውን አላየሁም ያለ አንድ ሰው ብቻ ነበር። በተራ ቁጥር 2 መሠረት ደግሞ በሁለቱ ታንኳዎች የሚሄዱት አያ ዋኘው ብቻ ሊሆኑ ነው። አቶ ነጋ ፀሐይዋ ፊት ለፊታቸው እንደነበረች ተናገሩ። ፀሐይዋ ከኋላቸው ነበረች።

ተራ ቁጥር 3፦ ከላይ የተወሰነውን ሁሉ ስለመሻር

ሊቀ መንበሩ ይህ ነገር ከዚህ ግቢ ቢወጣ ማኅበሩ የገበያ መሳቂያ እንደሚሆን አሳስበው፣ የዓይኑ ፈተና እንዳልተደረገ እንዲቆጠር ሐሳብ አቀረቡ። ሁሉም ደገፈ። አቶ ነጋ ግን ተራ ቁጥር 1 እና ተራ ቁጥር 2 የተጻፉት በአንድ ወረቀት ላይ ስለሆነ አንዱን ሽሮ ሌላውን ማጽናት እንደማይቻል ተከራከሩ። መሪጌታም ወረቀት መቅደድ እንደሚያስነቅፍ መሰከሩ። ስለሆነም ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ፦ በዛሬው ዕለት የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ፈተና አልተደረገም። ቢጫ አልተመረጠም። በልብ መቆምም ቀርቷል። ማኅበሩ በነጩ ክር ይቀጥላል። አንቀጽ ዘጠኝ እንደጸና ነው። የማዘዣው ደብዳቤ ማኪናው ካልተነሣ በቶሎ ሰው ተልኮ ይመለስ፤ ከተነሣ ግን የሄደ ሄዷልና ማኅበሩ ክሩን ይቀበላል።

አያ ዋኘው ውሳኔው እንደገና እንዲነበብላቸው ጠየቁ። ተነበበ። «ነጩንማ አላየውም፤ ነገርኳችሁ እኮ። አርባ ዓመት ሙሉ ውኃ ላይ ኖሬ ዳር ተቀምጬ የሰው ዓሣ ልጠርብ ነው?» አሉ። ወይዘሮ እናኑ ድምፅ ስለሌላቸው ዕንባቸው አልተቆጠረም።

ሊቀ መንበሩ ወደ ፒያሳ ሰው ለመላክ ጊዜ እንዳለ ለማወቅ ጸሐፊውን ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቁት። ጸሐፊው ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ መሆኑን፣ ማኪናውም መሄዱን አስታወቀ። በዚሁ ጊዜ ከፒያሳ በኩል ተሳፋሪ የሚጠራ የማኪና ጡሩንባ ተሰማ። ጸሐፊው የሌላ ማኪና ነው ብሎ መዝግቧል።

አቶ ነጋ ስለተጠራጠሩ ሊቀ መንበሩ የኪስ ሰዓታቸውን አወጡ። አራቁት፣ አቀረቡት፣ ደግሞ አራቁት። «ልክ ነው፣ ዘጠኝ ከሩብ» አሉ። መሪጌታም ተቀብለው «ልክ ነው» አሉ። አቶ ነጋ ሰዓቱን ዘቅዝቀው ይዘው ብዙ ካዩ በኋላ «እንዲያውም ሳያልፍ አይቀርም» አሉ። አያ ዋኘው ሲሰጣቸው «እኔ እንኳ አይታየኝም፤ ጸሐፊው ካለ ይበቃኛል» ብለው፣ ከጧት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ስብሰባው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ተዘጋ። የአቶ ፋንታሁን ማኪና ደብዳቤውን ይዞ ከፒያሳ የተነሣው፣ ስብሰባው ከተዘጋ ከሃያ ደቂቃ በኋላ፣ በዘጠኝ ሰዓት ነው።

ኃይለ ማርያም
ጸሐፊ