ፈረሱ ለምን ይጠመዘዛል?

በየከተማው አንድ አይጠፋም፤ ሕግ ሲነግሩት «እሺ» ብሎ የማያልፍ ሰው። የአዳም ልጅ ሁሉ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ትራፊክ ፖሊስ እስከ ዛሬ የመጀመሪያዋን መኪና አስቁሞ ሲያስረዳ በኖረ ነበር። ቦንጋ ውስጥ ይህን ማዕረግ የያዙት ጃንጥላና ቦት ጫማ ነጋዴዋ ክብርት እትዬ ኸይሪያ ናቸው።

አምና በሐምሌ፣ ጃንጥላና ቦት የሚገዛው ሁሉ ገዝቶ ጨርሶ ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ «መምህር፣ ቼዝ አስተምረኝ» አሉኝ። የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ክፍሌ ግድግዳ ላይ «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ብዬ በትልቁ ለጥፌያለሁ። ለባለሱቅም የሚሠራ አልመሰለኝም ነበር።

ሰሌዳውን ባንኮኒው ላይ ዘርግቼ፣ ንጉሡ የሚሄደው አንድ እርምጃ ብቻ ነው አልኳቸው።

«ንጉሥ ሆነው? ሪህ አለባቸው?»

«ሕጉ ነው፣ እትዬ።»

«ንግሥቲቱ እንደ ልባቸው ሲሮጡ እሳቸው አንድ እርምጃ! ማን ነው ይህን ያጸደቀው?»

ወታደር ወደ ኋላ አይመለስም ስላቸው ደግሞ ከልብ አዘኑ። «እናቱስ ምን ትሁን?» አሉ። ከዋጫ የመጣ ደንበኛ ሳይቀር ቦት ጫማ መሞከሩን ትቶ «እውነታቸውን ነው» አለ። ያን ቀን አንድም ጠጠር ሳይንቀሳቀስ መሸ።

የባሰው ፈረሱ ነው። ሁለት ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ጎን። «ለምን ይጠመዘዛል?» ሰኞ ጠየቁ፤ ማክሰኞ ጠየቁ። ዓርብ ዕለት፣ ለሃያኛ ጊዜ ሲጠይቁኝ ትዕግሥቴ አለቀ።

«እትዬ፣ ዝም ብለው ይጫወቱ!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ራሴንም አስደነገጠኝ።

እትዬ ኸይሪያ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ለቅመው ካርቶን ውስጥ ከተቱ። ከዚያ በኋላ ሱቅ ስገባ «ምን ልስጥህ?» ብቻ ሆነ፤ እንደ ማንኛውም ገዢ። ሳምንቱን ሙሉ አንድም ጥያቄ የለም። ተገላገልኩ ብዬ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ከተማው ጭር አለብኝ።

አንድ ቀን ደጃፌ ላይ ቆሜ ዝናቡን ሳይ ነገሩ ትዝ አለኝ። ከአራት ዓመት በፊት ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ስመጣ እዚህ የማውቀው ሰው አልነበረም። ሻንጣዬን ይዤ የገባሁት እሳቸው ሱቅ ነው። የሚከራይ ቤት የት ይገኛል? የደካ መኪና ከየት ይነሣል? በካፊኛ ሰላምታ እንዴት ነው? ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ፣ በየቀኑ፣ «ይሄ ዝናብ መቼ ነው የሚያቆመው?» እሳቸውም በየቀኑ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ፊታቸውን ሳያጠቁሩ፣ «ነገ ያባራል፣ ልጄ» ይሉኝ ነበር። ጃንጥላ ሸጦ እያደረ ዝናቡ ነገ ያባራል የሚል ነጋዴ እስካሁን ሌላ አላየሁም። ያ መልስ ባይኖር በወሩ ሻንጣዬን አንሥቼ በተመለስኩ። እግዜር ይስጥልኝ እንኳ ብያቸው አላውቅም።

አፍሬ ሄድኩ። ይቅርታ አጥንቼ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«እትዬ፣ ይሄ ዝናብ መቼ ነው የሚያቆመው?»

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከባንኮኒው ሥር ካርቶኑን አወጡ።

«ነገ ያባራል፣ ልጄ። በል ቁጭ በልና ንገረኝ፤ ፈረሱ ለምን ይጠመዘዛል?»