ዓለምን በእግራችን የዞርን ጊዜ

ዮርዳኖስ የት ነው?

ይህን ቀላል ጥያቄ መመለስ ያቃታት ሴት ጋዜጣ ላይ ምን ልትጽፍ ተቀመጠች አትበሉኝ! እኔ ፊደል የቆጠርኩት ካገባሁ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ደግሞ እንደ ዘገየ ዝናብ ነው፤ ከመጣ አይጣል! ባሌ ደምሌ «እንግዶቹ መጣ» ካለ፣ «መጡ!» ሳልለው ምራቄን አልውጥም። ይህችን አንዲት ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ አልመለስኳትም። ጥፋቱም የኔ አይደለም። ባል ለመንገድ እንጂ ለኬላ አይሆንም! እስቲ ሰምታችሁ ፍረዱ።

እኛ ላሊበላዎች ከተማችን ውስጥ ዮርዳኖስ የሚባል ወንዝ አለ። ጎልጎታም አለ፤ ደብረ ሲናም አለ፤ ሁለቱም አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። ቤተልሔምማ በየቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ነው፤ የቁርባኑ ኅብስት የሚጋገርባት ቤት ናት፤ ዲያቆኑ ደምሌም ውሎው እዚያው ነው። የኛ አገር ሰው ዶሮ ጠፍታበት ፍለጋ ከወጣ ግማሽ መጽሐፍ ቅዱስ አዳርሶ ይመለሳል። ቤታችን ደግሞ ከዮርዳኖስ ማዶ ነው።

ደምሌ በሠርጋችን ሰሞን «ዓለምን አሳይሻለሁ» ብሎኝ ነበር። ዓመታት ቆይቶ ቃሉን ጠበቀ። ዓለምን ያስጀመረኝ ከየት መሰላችሁ? ከተከዜ ማዶ ካለችው ከፍላቂት! እህቱ እዚያ ወልዳ ነበርና የአራስ ጥሪ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ሳይዙ የትም አይኬድም። እኛም ይዘናል፤ ዳሩ ተከዜን ስንሻገር ደምሌ ወረቀቷን ከነኪሱ ነክሯት፣ ፍላቂት ስንደርስ የቀረው ማኅተሟ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን የእንጆሪ ጭማቂ የፈሰሰበት ይመስላል። ኬላው ላይ ከሩቅ አገር በቅርብ የተመደበ አንድ ወጣት ካድሬ ተቀምጧል። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ብዕሩ የተሳለ...

«ከየት ነው የምትመጡት?»

«ከዮርዳኖስ ማዶ፣ ጌታዬ።»

«ጌታ ድሮ ቀረ! ጓድ በል!»

«ከዮርዳኖስ ማዶ፣ ጓድ ጌታዬ።»

ካድሬው ቀና አለ። «ዮርዳኖስ?»

«አዎን። ጧት ቤተልሔም ሥራዬን ጨረስኩና፣ ደብረ ሲናን ተሳልሜ፣ በጎልጎታ በኩል ወጣን።»

«በምን?»

«በእግር ነዋ! ምን ይርቃልና!»

«ባሕሩንስ?»

«የምን ባሕር?» አለ ደምሌ፣ ወደኔ ዞሮ። እኔ ባል ሲናገር ሚስት አትገባም በሚል አገር ያደግሁ ነኝ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ። ዝምታም ለካ ይነቅዛል!

ካድሬው ብዕሩን አስቀመጠ። ሰሜኑ ጦርነት ነው፤ ሰርጎ ገብ ያዙ እየተባለ ነው፤ ይኸው ሁለት ሰው በገዛ አፉ ከእስራኤል በሲና በረሃ አድርጌ መጣሁ ይለዋል። ሹመት በእግሩ ሲመጣለት ምን ያድርግ?

«አንቺ የተማርሽ ትመስያለሽ» አለኝ። «ዮርዳኖስ የት ነው?»

እግዜር ያሳያችሁ! የማታ ትምህርት ቤት መምህሬ ካርታ ላይ በዘንግ እየጠቆሙ «መካከለኛው ምሥራቅ» ብለውኛል። ያን ካልኩ ባሌን በገዛ አፌ ሰላይ አደረግሁት። «ከጓሯችን ወረድ ብሎ» ካልኩ ደግሞ ካድሬው ላይ ቀለድኩ። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱም ያሳስራል። እኔም እንደ ጨዋ ተማሪ ጥያቄው እንዲብራራልኝ ጠየቅሁ፦

«የትኛው ዮርዳኖስ?»

«ስንት አላችሁ?!» ብሎ ጮኸ።

ታሰርን።

እህል ማስቀመጫ በነበረች አንዲት ክፍል ውስጥ ሁለት ሳምንት ገደማ ተቀመጥን። የደምሌ እህት አራስነቷን ትታ ገንፎዋን ከኛ ጋር ተካፈለች። በመጨረሻ የወልድያ ተወላጅ የሆነ አለቃ ለጉብኝት መጣና የምርመራውን ቃል ማንበብ ጀመረ። ጎልጎታ ላይ ሲደርስ በሳቅ ወንበሩን ይዞ ወደቀ።

«ጓድ፣ ይሄ እኮ ላሊበላ ነው!»

«ታዲያ ሰውየው ለምን ላሊበላ አይልም?»

«እርስዎ መቼ አገሬን ጠየቁኝ?» አለ ደምሌ ቅር ብሎት። «ከየት አሉኝ፣ ከየት እንደሆነ ነገርኩዎ!»

ተፈታን። ወሬ ግን ታስሮ አያውቅምና ቀድሞን አገር ቤት ገብቷል። ከፍላቂት ገበያ ሲነሳ «ከዮርዳኖስ ሲመለሱ ተያዙ» ነበር፤ ተከዜን ሲሻገር «ኢየሩሳሌም ደርሰው» ሆነ፤ ላሊበላ ሲገባ «ዓለምን ዞረው» ብሎ አረፈው። ጎረቤቱ ሁሉ በእልልታ ወጣ። አንዱ የደምሌን ጫማ ይስማል፤ ጫማው ላይ ያለው የፍላቂት ጭቃ ነው!

ደምሌ ደግሞ፣ እግዜር ምስክሬ ነው፣ አንዲት ቃል አልዋሸም። ክፋቱ እሱ ነው!

«ዮርዳኖስ እንዴት ነው?» ይሉታል።

«ያው ነው። ክረምት ሲሆን ይሞላል።»

«ሰዉስ?»

«ሰዉማ ደግ! ገንፎ እያመጡ ነው ያኖሩን።»

«አከበሯችሁ?»

«ጠመንጃ የያዘ ሰው ሌት ተቀን ደጃችን ላይ ይቆም ነበር።»

«እሰይ! እሰይ! በምን ሄዳችሁ ታዲያ?»

«በእግር።»

ማታ ሲሆን «አንተ ሰው፣ ምነው ብትነግራቸው?» እለዋለሁ። «የጠየቁኝን መለስኩ» ይለኛል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኛ እውነት እያደር ደፈረሰ። እኔም ውሃ ስቀዳ መንገድ ይለቀቅልኝ ጀመር። ሰዋስው የማርምበት ጉልበት እንኳ አጣሁ።

ይህም ሁሉ ባልከፋ... እማማ ትርንጎ ባይኖሩ።

እማማ ትርንጎ አጥር የምንጋራቸው ባልቴት ናቸው። ጉልበታቸው ሲነሱ ይንቋቋል፤ ዓይናቸው ከደጃፋቸው አያልፍም። አንድ ማለዳ በአጥሩ ሳይ ስንቅ ያሰናዳሉ። በሶ ቋጥረዋል፤ ቅል አንጠልጥለዋል፤ አንዲቷን ላማቸውን ለወንድማቸው ልጅ ሰጥተዋል።

«እማማ፣ ወዴት ሊሄዱ ነው?»

«ኢየሩሳሌም ነዋ ልጄ!»

«ምን አሉ?»

«ድሮ ባሕር አለ፣ መርከብ አለ ሲሉኝ ፈርቼ ቀረሁ። ይኸው እናንተ በእግራችሁ ደርሳችሁ መጣችሁ። ሁለት ሳምንት ለናንተ ከሆነ ለኔ ወር ቢሆን ነው። ነገ ኪዳን አድርሼ እወጣለሁ።»

መንገዱ ሁሉ ጦር ነው። እኚህ ሴት በደምሌ መልስ ተማምነው በሶ ቋጥረው፣ አንድ ኮረብታ ላይ ወድቀው ሊቀሩ ነው! ወደ ቤት ሮጥኩ። ደምሌ ቤተልሔም ነው፤ ማለቴ... የቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ያለው ቤተልሔም። ለመጀመሪያ ጊዜ ባሌን ሳልጠብቅ መናገር ግድ ሆነብኝ። ተመልሼ አጥሩን ዘልዬ ገባሁና መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ አልሄድንም።»

«የት?»

«ኢየሩሳሌም። ከፍላቂት አላለፍንም። ዮርዳኖስ ያልነው ይህንን የታችኛውን ነው። ካድሬው ሳይገባው አሰረን። ደጃችን ላይ የቆመው ዘበኛ ነው። ገንፎው የአራስ ነው። ይህ ነው ያየነው ዓለም።»

እማማ ትርንጎ የቋጠሩትን በሶ ፈቱ፤ መልሰው ቋጠሩት። ይረግሙኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ያለቅሳሉ ብዬም ፈራሁ።

«ፍላቂት» አሉ ቀስ ብለው።

«አዎን እማማ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔ እኮ አንች ልጅ፣ ከተወለድኩ ይህንኑ ዮርዳኖስ ተሻግሬ አድሬ አላውቅም» አሉና ቅላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። «ይኼ ፍላቂት የምትይውስ፣ እሱስ በእግር ይደረሳል?»