የተጣበቀው ቁልፍ ስለ ሰጠው የላቀ አገልግሎት

ለአገር ብዙ ደክመው ሳይመሰገኑ የቀሩ አሉ። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ከእነሱ ወገን አይደሉም፤ እሳቸው ብዙም ሳይደክሙ ተመስግነዋል። በሶዶ ከተማ የአንድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ናቸው። ጽሕፈት ቤቱ ምን እንደሚሠራ መጠየቅ የሠራተኞቹን ሰላም መንሳት ስለሚሆን እንለፈው።

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ ዕለት በዳታ፣ በሚያቃጥለው የወላይታ በርበሬ ማባያ ነው። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ምሳቸውን ጥሬ ሥጋ በሉ፤ ዳታውንም ከወትሮው ጠለቅ አድርገው አጠቀሱ። አፋቸው እየነደደ፣ ለእሳት ማጥፊያ የሚሆን አንድ ብርጭቆ የማንጎ ጭማቂ ይዘው ቢሮ ገቡ። በማግስቱ በዞኑ ጉባኤ ላይ የሚያነቡት የዓመቱ ሪፖርት ላፕቶፑ ላይ ከነግርማ ሞገሱ ተዘርግቷል። ሪፖርት ሳይዝ የመጣ ኃላፊ ወንበሩን እንደሚያስረክብ በጥብቅ ተነግሯል፤ እሳቸው ደግሞ ወንበራቸውን ከልባቸው ይወዱታል። “አመሰግናለሁ” የምትለዋን የመጨረሻ ቃል ጽፈው ሊጎነጩ ሲሉ ዳታው አስነጠሳቸውና ጭማቂው ኪቦርዱ ላይ ተደፋ።

“ማነው ይሄን ያደረገው?” አሉ፣ ብቻቸውን በተቀመጡበት ክፍል ውስጥ።

መልስ ስላልተገኘ አስቸኳይ ኮሚቴ ተቋቋመ። አባላቱ የዕቅድ ባለሙያው ፋኑኤል፣ የሕዝብ ግንኙነቷ ሰርካለምና በሁሉም ነገር ልምድ ያላቸው አቶ ጩማ ነበሩ።

“ቁልፎቹ ተጣብቀዋል” አለች ሰርካለም። “ጥጥና አልኮል ቦርሳዬ ውስጥ አለ። መጀመሪያ እናጥፋው፤ ከዚያ ቀስ ብለን እንጥረገው።”

“ቆይ! ንብረቱ በማን ስም ነው የወጣው?” አሉ አቶ ሀብተጊዮርጊስ።

“በጸሐፊያችን በወይዘሮ ጣፈጠች። ለቅሶ ዱቦ ድረስ ሄዳለች” አለ ፋኑኤል።

“እንግዲያው እስክትመጣ ማንም እንዳይነካው! መመሪያው በሩ ላይ ተለጥፏል፤ ንብረት የሚነካው በስሙ የወጣለት ሰው ብቻ ነው።”

መመሪያውን አውጥተው ማኅተም የመቱበት ራሳቸው አቶ ሀብተጊዮርጊስ ናቸው። እሳቸው ጠዋቱን ሙሉ ሲጽፉበት የዋሉት በምን ስም እንደሆነ የሚጠይቅ ጨዋነት የጎደለው ሰው በኮሚቴው ውስጥ አልነበረም።

“ጋሼ፣ ማጥፋትም መንካት ነው?” አለ ፋኑኤል።

“ከመንካትም የባሰ ነው።”

ኮሚቴው ወደ አማራጭ የመፍትሔ አቅጣጫዎች ተሸጋገረ።

“እኔ ሻንቶ ከተማ ሳለሁ” አሉ አቶ ጩማ፣ “ሬዲዮ ላይ ለስላሳ ተደፋብኝ። ሩዝ ውስጥ ቀበርኳት።”

“እና ሠራች?”

“ሬዲዮዋ እንኳ አልሠራችም። ሩዙ ግን ጣፍጦ ነበር።”

ይህ ገንቢ አስተያየት እየተመዘገበ ሳለ ፋኑኤል ስክሪኑን አየና ፊቱ ተለዋወጠ። “ጋሼ… ሪፖርቱ እያነሰ ነው።”

እውነቱን ነበር። ፊደል የሚሰርዘው ቁልፍ እንደተጫነ ተጣብቆ ቀርቶ፣ ሪፖርቱን ከመጨረሻው ጀምሮ ፊደል በፊደል እየበላ ወደ ላይ ይወጣል። መጀመሪያ ምስጋናው ሄደ። ቀጥሎ የተተከሉት ችግኞች ከነጉድጓዳቸው ተነቀሉ። ከዕቅድ በላይ ግንዛቤ ተፈጥሮለት የነበረው ኅብረተሰብ ወደ ቀድሞ አለመገንዘቡ ተመለሰ። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ራሳቸውን ያዙ። ያ ሁሉ ሥራ! ሥራውስ ይሁን፣ ያ ሁሉ መጻፍ!

“አንዴ ብቻ ልንካው?” አለች ሰርካለም ልመና በሚመስል ድምፅ።

የአቶ ሀብተጊዮርጊስ እጅ ሊፈቅድ ተነሣ። ዓይናቸው ግን በሩ ላይ ያለውን የገዛ ማኅተማቸውን አየ፤ እጃቸው ወረደ። “ቃለ ጉባኤው ይጽደቅና” አሉ።

ቃለ ጉባኤው ሳይጸድቅ መብራት ጠፋ። ባትሪው ያረጀ ነበርና ላፕቶፑም አብሮ ጠፋ።

በማግስቱ ማለዳ ወይዘሮ ጣፈጠች ከለቅሶ ተመልሳ፣ በሕጋዊ እጇ ከፈተችው። ላፕቶፑ የተጻፈውን ራሱ የሚያስቀምጥ ትጉህ ነበርና የጠፋው መጥፋቱንም በታማኝነት አስቀምጧል። የተረፈው ሰላምታውና አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እንደ አዲስ እንጻፍ ቢሉ ቁልፉ የጻፉትን ይበላል፤ ጉባኤው ደግሞ ተጀምሯል።

አቶ ሀብተጊዮርጊስ የተረፈችውን ወረቀት ላይ ገልብጠው መድረኩ ላይ ወጡ።

“የተከበራችሁ የጉባኤው ተሳታፊዎች፣ ጽሕፈት ቤታችን የሚገኘው በሶዶ ከተማ ነው።”

ወንበራቸውን በልባቸው ተሰናብተው ቆሙ። ከጠዋት ጀምሮ ሪፖርት ሲያዳምጥ የቆየው ሕዝብ ነቅቶ አዳራሹን በጭብጨባ አናጋው። ሰብሳቢው ማይኩን ያዙ።

“አጣሪ ቡድን ሳንልክ እውነት መሆኑን ያረጋገጥነው የመጀመሪያው ሪፖርት ይህ ነው። ተሞክሮው በየወረዳው ይስፋፋ!”

ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ጣፈጠች የሰርካለምን ጥጥ አልኮል ውስጥ ነክራ ቁልፉን ልትጠርግ ስታጎነብስ፣ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ጉባኤው የሸለማቸውን የምስክር ወረቀት በብብታቸው ይዘው ገቡ።

“እጅሽን አንሺ!”

“በስሜ የወጣ እኮ ነው ጋሼ።”

“ከዛሬ ጀምሮ በእኔ ስም ነው። እሱን ከጠረግሽ የሚመጣውን ዓመት በምን አልፈዋለሁ?”

ኮሪደሩ ለልምድ ልውውጥ በመጡ ኃላፊዎች ተሞልቷል። እያንዳንዱ በአንድ እጁ ላፕቶፕ፣ በሌላው አንድ ብርጭቆ የማንጎ ጭማቂ ይዟል። አቶ ጩማ የማንጎውን መብሰል እየዞሩ ይመረምራሉ።

“ለመሆኑ ምን ያህል ነው የሚፈሰው?” አሉ ከሩቅ የመጡ አንድ እንግዳ።

“እንደ ሪፖርትዎ ርዝመት ነው” አሉ አቶ ሀብተጊዮርጊስ።

እንግዳው ብርጭቋቸውን አዩ፤ ሪፖርታቸውን አሰቡ። ከዚያም ወደ ሾፌራቸው ዞረው ጀሪካኑን እንዲያመጣ አዘዙ።