የሰፊው ሕዝብ ትኋን

ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር መኖር ይከብዳል የሚል ሰው፣ ከትኋን ጋር ኖሮ አያውቅም። ሰው ቢያንስ ሌሊት ይተኛል።

በደርግ ዘመን መርሳ ከተማ በመምህርነት ስመደብ አንዲት የቀበሌ ቤት ተከራየሁ። ቤቷ ከእትዬ ከዲጃ በትርፍ ቤትነት የተወረሰች ናት፤ እሳቸውም ከአጥሩ ማዶ ይኖራሉ። ቤት በስለት በሚገኝበት ጊዜ ስለ ትኋን ማን ይጠይቃል? እኔም የጠየቅሁት ከተበላሁ በኋላ ነው።

ቀበሌ ሄጄ፣ ቤቱን የሚኖሩበት ትኋኖች ሆነው ሳለ ኪራዩን እኔ የምከፍለው በምን ዕዳዬ ነው? ወይ አስወጡልኝ፣ ወይ ኪራዩን ተዉልኝ ብዬ አመለከትሁ። ሊቀመንበሩ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ያከራየንህ ቤት እንጂ ትኋን አይደለም፤ ትኋን የአሮጌው ሥርዓት ርዝራዥ ስለሆነ የቀድሞዋ ባለቤት ይጠየቁበት አሉ።

እትዬ ከዲጃ ሸንጎ ተጠሩ። ሻሻቸውን አስተካከሉና፣ "ወላሂ፣ ስትወርሱኝ አንድ ምስማር እንዳይነቀል ብላችሁኛል። ምስማርም አልነቀልሁ፣ ትኋንም አልወሰድሁ። እንዳስረከብኋችሁ ነው ያለው" አሉ። እንግዲህ ትኋኑ የሰፊው ሕዝብ ንብረት መሆኑ ነው! እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ በአውራ ጣቴ ስጨፈልቀው ማደሬ በምን አንቀጽ እንደሚያስጠይቀኝ ማሰብ ጀመርሁ።

ውሳኔው ኪራይ ይከፈል፣ ትኋንም በዘመቻ ይደምሰስ የሚል ሆነ። እሑድ ቀበሌው በነቂስ ወጣ። ውሃ ሲፈላ፣ አልጋዬ ፀሐይ ላይ ወጥቶ ሲቀጠቀጥ፣ ግድግዳው ተመርጎ ኖራ ሲቀባ ዋለ። መፈክር ሁሉ ነበረ። ማታ ቤቷን ሳያት የእኔ አልመስልህ አለችኝ። ክፋቱ፣ ሊቀመንበሩም አይተዋታል። በሳምንቱ ለቀበሌው ጽሕፈት ቤት ተፈልጋለች፣ ልቀቅ ተባልሁ። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል አሉ! እንዴት እንደተናደድሁ አትጠይቁኝ። ለካ ቤቴን ሲጠብቁልኝ የነበሩት ትኋኖቹ ኖረዋል።

በምትኩ የቀድሞውን ጽሕፈት ቤት ሰጡኝ። ጥሩ ክፍል ነው፤ ነፋሻ። ትንሽ ቆይቶ ሊቀመንበሩ ሊጠይቁኝ ብቅ አሉና ጣራ ጣራውን እያዩ፣ ለቀበሌው ወጣቶች ማኅበር መሰብሰቢያ ቤት መቸገራቸውን አጫወቱኝ። እዚህስ ተባይ የለም ወይ? አሉ። ኧረ ጓድ ሊቀመንበር፣ ከጣራ እስከ ወለል አይጥ ነው፣ ጆሮዬን ሊበሉት ነው፤ ግን ምን ይደረግ፣ ኪራዬን እየከፈልሁ እኖራለሁ አልኋቸው። ያን ጊዜ ኮርኒሱ ውስጥ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ። ሊቀመንበሩ ኮታቸውን ሰብስበው ወጡ።

እውነቱን ለመናገር፣ የነበረችው አንዲት አይጥ ብቻ ናት። እሷንም እንዳትሄድብኝ ዳቦ እየገዛሁ ነበር የማኖራት።